ጎመን ዘርን እንደ አንድ ሰብል ማየት ይብቃን

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አንድ ፋልከን 20 ጄት አበረረ። ነዳጁ ከተለመደው የጄት ነዳጅ ጋር ያልተቀላቀለ፣ ሙሉ በሙሉ ከተክል ዘይት የተሠራ ነበር። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባበረረው ቦይንግ 787 ላይ 10 በመቶውን ነዳጅ ከዚሁ ተክል አገኘ። ተክሉ ጎመን ዘር ነው። የኛው የአበሻ ጎመን። ቅጠሉን ቀቅለን የምንበላው፣ ፍሬውን ፈጭተን ምጣድ የምናስስበት።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጉዳዩ ብዙ አገር ስለሚያቋርጥ እንደዚያ ይቀላል።

ወሬውን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "አይ ጉድ!" ይልና ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ይህ ተክል በውስጡ ምን ያህል የዘረመል ሀብት ይዟል? ሀብቱ ያለው የት ነው? እኛ ዘንድ ለምን እምብዛም አልሠራም? የኔ መልስ አጭር ነው። ጎመን ዘር ዘረመል አላጠረውም። ያጠረው ዓላማው የለየለት ማሻሻያ ነው። ቅጠሉ፣ የምግብ ዘይቱ እና የኢንዱስትሪ ዘይቱ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ የሚፈልገውን ባሕርይ ሌላው ይሸሸዋል። ሦስቱን በአንድ ላይ ይዘን ስንጎትት አንዱም ጋ አልደረስንም።

የሁለት ተክሎች ልጅ

ጎመን ዘር በተፈጥሮ የተዳቀለ ተክል ነው። አንዱ ወላጁ ጥቁር ሰናፍጭ ነው፤ 8 ጥንድ ክሮሞሶም አለው። ሌላው ወላጁ ከጥቅል ጎመንና ከአበባ ጎመን ጋር አንድ ዝርያ የሆነ ተክል ነው፤ እሱ ደግሞ 9 ጥንድ አለው። ሁለቱ ሲዳቀሉና የልጃቸው ክሮሞሶም ሲባዛ 17 ጥንድ ያለው ጎመን ዘር ተገኘ። ይህን ዝምድና በ1935 ግልጽ አድርጎ ያስረዳው ቶኪዮ ውስጥ ከኮሪያዊ አባት የተወለደው ዉ ጃንግ ቹን ነው። በሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ ሦስት መሠረታዊ ተክሎችን አስቀመጠ። በመካከላቸው ደግሞ ልጆቻቸውን፦ የሕንዱን ሰናፍጭ፣ ካኖላ የወጣበትን የአውሮፓውን የዘይት ጎመን፣ የኛን ጎመን ዘር። ሥዕሉ እስከ ዛሬ የዘርፉ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመት የሚማሩት ነው።

ከዚህ የልደት ታሪክ ሁለት ነገር ይከተላል። እንዲህ ያለ መዳቀል የሚሳካው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ልጁ ከወላጆቹ ሰፊ ሀብት ይዞ የሚወጣው ጥቂቱን ብቻ ነው። ጥቁር ሰናፍጭ በብዙ አገር በዱር ይበቅላል፤ የጎመን ዘመዶችም በሜዲትራኒያን ዳርቻ ሞልተዋል። ጎመን ዘር የወሰደው ከዚያ ሁሉ ጭልፋ ያህል ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በዱር የሚበቅል ጎመን ዘር እስካሁን አልታወቀም። የስንዴ ወይም የገብስ ባለሙያ ከእርሻ ያጣውን ባሕርይ ከዱር ዘመዶቹ ይፈልጋል። ጎመን ዘር ግን የራሱ ዱር የለውም። ያለው ሁሉ ያለው በገበሬ እጅና በዘር ባንክ ውስጥ ነው። ከጓሮ የጠፋ ዓይነት፣ ባንክ ውስጥ ካልተቀመጠ፣ በቃ ጠፋ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሁለቱን ወላጆች ላቦራቶሪ ውስጥ እንደገና አዳቅሎ አዲስ ጎመን ዘር መሥራት ይቻላል፤ ተሠርቷልም። ግን ያ አዲስ ተክል በኛ ደጋ ውርጭ፣ በኛ ክሽክሽ፣ በኛ ክረምት ስንት ዘመን ተፈትኖ ያለፈ አይደለም።

ጓሮው እንደ ማዳቀያ ጣቢያ

ጎመን ዘር የሚወደው ከ2,200 እስከ 2,800 ሜትር ያለውን ደጋ ነው። አርሲና ባሌ፣ ሸዋ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግራይ። ሰፊ ማሳ ላይ ብዙ አይታይም። ቦታው ከቤት ጀርባ፣ ፍግና አመድ የሚደፋበት፣ አፈሩ ጥቁርና ለም የሆነበት ነው።

እዚያ ጓሮ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሴትየዋ ቅጠሉን ከታች ጀምራ እየቀነጠበች ለወጥ ትወስዳለች። ጫፉን አትነካውም፤ እንዲያድግ ትተወዋለች። ሳምንት ቆይታ ትመለሳለች። ቶሎ አበባ የሚያወጣው ተክል ቶሎ ቅጠሉ ይጠነክራል፤ እሱን ነቅላ ትጥለዋለች። ቅጠሉ የለሰለሰውና ሲቀነጠብ የሚተካው ግን ይቆያል። በመጨረሻ ከነዚህ መካከል ጥሩዎቹን ለዘር ትተዋቸዋለች። ሲደርቁ ቆርጣ ትወቃለች፣ ታበጥራለች፣ በቅል ወይም በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጣለች። ከዚያችው ቋጠሮ ላይ እፍኝ ወስዳ፣ አመስ አድርጋ ትፈጫለች። የጋለው ምጣድ ላይ ነስንሳ በማሰሻ ጨርቅ ታሸዋለች። እንጀራው ሳይጣበቅ ብድግ ይላል።

በየዓመቱ እንዲህ እየመረጡ ማስቀረት ማሻሻያ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ተማሪ ቤት ያልገባ፣ ግን ለብዙ ትውልድ ያልተቋረጠ ማሻሻያ ነው። ምርጫው ከቤት ቤት ይለያያል። አንዷ ለቅጠል ትመርጣለች፣ ሌላዋ ፍሬው ስለሚበዛ ትመርጣለች። ለዚህ ነው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ግንዱ ሐምራዊ የሆነም፣ አረንጓዴ የሆነም፣ ፍሬው ቡናማም፣ ቢጫም የሚገኘው።

ተመራማሪዎች ይህን ሀብት በዘረመል ምልክት ለክተውታል። ዶ/ር አደፍርስ ተክለወልድና ጀርመናዊው ሄይኮ ቤከር በ2006 ባሳተሙት ጥናት 43 የኢትዮጵያ ናሙናዎችን በዲኤንኤ ደረጃ አነጻጽረዋል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ። ልዩነቱ በክልልና በክልል መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ አካባቢ ውስጥም ሰፊ ነው። ዘር በገበያ ይዞራል፣ በጋብቻ ይሄዳል፣ በዘመድ ይላካል። ስለዚህ "ከአርሲ ሁለት፣ ከጎጃም ሁለት ናሙና ይበቃል" ብሎ መሰብሰብ አያዋጣም።

አሁን ግጭቱን ተመልከቱ። ለቅጠል የሚመረጠው ተክል ዘግይቶ የሚያብብ ነው። የዘይት ባለሙያ ግን የሚፈልገው ቶሎ የሚደርስ፣ ብዙ ቅርንጫፍና ብዙ ፍሬ ያለው ነው። ጎመን ዘር ከካኖላ አንጻር ከሚነሱበት ወቀሳዎች አንዱ ዘግይቶ መድረሱ ነው። መዘግየቱን ግን ሰዎች ዘመናቸውን ሙሉ እየመረጡ ያቆዩት ባሕርይ ሊሆን ይችላል። ጉድለት ብለን የምንጠራው ነገር ለጓሮዋ ባለቤት ጥቅም ነው።

ግማሽ ፍሬ

ወደ ዘይቱ እንምጣ። የጎመን ዘር ፍሬ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ነው። ጥሩ መጠን ነው። ችግሩ የዘይቱ ዓይነት ነው። ከዘይቱ ውስጥ 40 በመቶ አካባቢ ኢሩሲክ አሲድ የሚባል፣ 22 ካርቦን የተያያዘበት ረጅም ፋቲ አሲድ ነው። ብዙ ኢሩሲክ አሲድ በተመገቡ አይጦች ልብ ጡንቻ ላይ ስብ እንደሚከማች ከታወቀ ቆይቷል። በሰው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት በግልጽ አልተረጋገጠም። ሕንድና ባንግላዴሽ ውስጥ ሚሊዮኖች የሰናፍጭ ዘይት ይመገባሉ። ቢሆንም ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ዝቅተኛ ኢሩሲክ ተብሎ የሚሸጥ የዘይት ጎመን ዘይት ኢሩሲክ አሲዱ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። የኛ ጎመን ዘር ከዚያ ሃያ እጥፍ ገደማ ነው። ምጣድ ለማሰስ የሚውለው እፍኝ የሚያስጨንቅ አይደለም። የቤተሰብ የዓመት ዘይት አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ካናዳውያን እዚሁ ችግር ላይ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘይት ጎመን የዘሩት ለመርከብ ሞተር ቅባት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ምግብ ሊያዞሩት ሲሉ ኢሩሲክ አሲዱ አስቸገራቸው። የዓለምን ናሙና ሲፈትሹ ሊሆ የሚባል አንድ የጀርመን የከብት መኖ ዓይነት አገኙ። ዝቅተኛ ኢሩሲክ ያላቸው ተክሎች በውስጡ ነበሩ። ከዚያች መነሻ በ1974 ኢሩሲክም፣ ፋጉሎውን ለከብት የሚያበላሸው ግሉኮሲኖሌትም ዝቅ ያለበት የመጀመሪያው ዓይነት ወጣ። ዛሬ ካኖላ የምንለው ትልቅ ኢንዱስትሪ የተነሳው ከመኖ ዘር ነው። ብዝኃነት ማስቀመጥ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ያን የሊሆ ዘር ማንም ለዘይት ብሎ አላቆየውም።

እዚህ ላይ የካናዳዊው የዘይት ጎመን አዳቃይ የኪት ዳውኒና የባልደረቦቹ ዘዴ መነገር አለበት፤ እኔ ሁሌም የምደነቅበት ነው። የጎመን ዘር ፍሬ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ፣ በጣት ጫፍ የምትያዝ ናት። ባለሙያው እርጥብ ወረቀት ላይ ያስቀምጣታል። ስትነቃ ቅርፊቷን ይገፋል። ውስጧ ሁለት ክክ አለ። የውጪውን ክክ በምላጭ ቆርጦ ለምርመራ ይልከዋል። ማሽኑ የዘይቱን ዓይነት ይነግረዋል። ሥር ያለባት ሌላዋ ግማሽ ግን ሞታ አልቀረችም። አፈር ውስጥ ትተከላለች፣ ታድጋለች፣ ታፈራለች። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ተክሉ በእጁ ነው።

ይህ የሚሠራው የዘይቱን ዓይነት የሚወስነው እናቲቱ ተክል ሳትሆን ፍሬዋ ውስጥ ያለው ፅንስ ስለሆነ ነው። በአንድ ተክል ላይ የተንጠለጠሉ ፍሬዎች የተለያየ ዘይት ሊይዙ ይችላሉ። ይህን አስታውሱልኝ፣ ወደ ኋላ ይመጣል።

ጎመን ዘር ውስጥስ ሊሆ ተገኘ? የኢትዮጵያ ናሙናዎች ሲመረመሩ በኢሩሲክ መጠን ልዩነት ቢታይም ወደ ዜሮ የወረደ በቀላሉ አልተገኘም። ምክንያቱ በጂኖቹ አሠራር ይገባል። ኢሩሲክ አሲድ የሚያሠሩት ሁለት ጂኖች ናቸው፤ አንዱ ከሰናፍጭ ወላጅ፣ አንዱ ከጎመን ወላጅ የመጣ። አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም፤ እያንዳንዱ የየድርሻውን ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መበላሸት አለባቸው። ያ በአጋጣሚ ሲሆን ማየት ብርቅ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ኢትዮጵያዊ ነው። ዶ/ር ጌትነት ዓለማው ከካናዳ ሳስካቱን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ጎመን ዘርን ኢሩሲክ ከሌለው የሕንድ ሰናፍጭ ጋር አዳቀለ፤ የተዳቀለውንም መልሶ ከጎመን ዘር ጋር። በ1994 ኢሩሲክ የሌለው ጎመን ዘር ማግኘታቸውን አሳተሙ። ስፔን ኮርዶባ ውስጥም በሚውቴሽን፣ ማለትም በዘረመል ለውጥ፣ የዘይቱ ዓይነት የተለወጠ ጎመን ዘር ወጥቷል። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዘረመሉ አለ፣ እውቀቱም አለ። ሆለታ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልም ሆለታ-1፣ ቢጫ ዶዶላ፣ ኤስ-67 የሚባሉ ዓይነቶችን ለገበሬው ሲያቀርብ ኖሯል። ሱቅ ውስጥ ግን የሚሸጠው በአብዛኛው ከውጭ የመጣው የሚረጋ ዘይት ነው። በ2022 ዘይት ሰማይ ነክቶ ሰው በየሸማቹ ሲሰለፍ ይህን ማሰብ ያማል።

ንቧ ምን ታደርጋለች?

ኢሩሲክ የሌለው ዓይነት ቢገኝም ለምን ገበሬ ጋ ንጹሕ ሆኖ እንደማይዘልቅ ለመረዳት ንቧን መከተል ይበቃል። ጎመን ዘር በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ንብ ግን አበባውን ትወደዋለች። ከፍሬው ሲሶ ገደማው ከሌላ ተክል በመጣ የአበባ ዱቄት ሊፀነስ ይችላል። አዲሱን ንጹሕ ዓይነት የዘራ ገበሬ ጎረቤቱ ጓሮ የቆየውን ዓይነት ቢያበቅል ንቧ ታገናኛቸዋለች። የዘይቱን ዓይነት የሚወስነው ፅንሱ ነው ብያለሁ። ስለዚህ ጉዳቱ ለከርሞ አይቆይም፤ በዚያው ዓመት ፍሬ ውስጥ ኢሩሲክ አሲድ ይገባል። ገበሬው ዘሩን አስቀርቶ ሲዘራ ደግሞ በየዓመቱ እየጨመረ ይሄዳል።

የተገላቢጦሹም አለ። አዲሱ ዓይነት የጓሮውን ይበርዛል። ለዘይት ተብሎ ቶሎ እንዲደርስ የተደረገው ባሕርይ ለቅጠል የተጠበቀው ውስጥ ይገባል። ሦስቱ ሥራዎች አንድ መልክዓ ምድር ላይ ተጨናንቀው ሲኖሩ ሁሉም ይጎዳሉ።

ለዚህ ነው መለየት ያስፈልጋል የምለው። የምግብ ዘይቱ ዓይነት በክላስተር፣ ማለትም አንድ ቀበሌ ወይም አንድ ጎጥ ተስማምቶ በሚዘራው ሰፊ ማሳ፣ ከጓሮ ርቆ መሄድ አለበት። ዘሩ በየጥቂት ዓመቱ ከማዕከል መታደስ አለበት። ጓሮው ደግሞ ለቅጠሉ ይተው። ሁለቱን በአንድ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ መላክ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ያልተነካ አቅም ድቅል ዘር ነው። አደፍርስና ቤከር በ2005 ባወጡት ሥራ የተጣሩ፣ ማለትም ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ብቻ የተዳቀሉ፣ የጎመን ዘር መስመሮችን እርስ በርስ አዳቅለው ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ በፍሬ ምርት ከወላጆቹ በግልጽ በለጠ። በቆሎ ላይ ያየነው ዓይነት ጉልበት ጎመን ዘርም ውስጥ አለ ማለት ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ግን ከሚራራቁ ወላጆች ነው። የተሰበሰበው ናሙና ሲሰፋ የሚራራቁ ወላጆች የማግኘት ዕድልም ይሰፋል። ከአበባ ዱቄት በቀጥታ የተጣራ መስመር የሚያወጣው ድርብ ሃፕሎይድ ዘዴም በዚህ ተክል ላይ ይሠራል፤ ስድስትና ሰባት ትውልድ የሚፈጀውን ማጣራት በአንድ ትውልድ ይጨርሳል። የሚጠይቀው ጥሩ የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪና የማይቋረጥ መብራት ነው።

ፋጉሎው

ስለ ፋጉሎው ባጭሩ ልበል። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ግን ግሉኮሲኖሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ዋናው ሲኒግሪን ነው። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ሲኒግሪኑ ይፈርስና አፍንጫ የሚሰነጥቀውን ቃጠሎ ይሰጣል። ስልጆ ላይ ሰናፍጩን የምናውቀው በዚሁ ነው። ለከብት ብዙ ሲሰጥ ግን ይጎዳል፤ ለዶሮ ይብሳል። ለዚህ ነው ገበሬው የኑግ ፋጉሎ የሚያስበልጠው። ይህን ባሕርይ ዝቅ ማድረግ ኢሩሲክን ከማጥፋት ይከብዳል፤ የሚሳተፉት ጂኖች ይበዛሉ። በአንጻሩ ጣሊያኖች ይኸንኑ ቃጠሎ ፈልገው ፋጉሎውን አፈር ውስጥ ያለ ተባይ ለመግደል ይጠቀሙበታል። እዚህም የአንዱ ጠላት የሌላው ሀብት ነው።

ነዳጁን የሚፈልጉት ምን ይፈልጋሉ?

የነዳጅና የኢንዱስትሪ ሰዎች ኢሩሲክ አሲድ እንዲጠፋ አይፈልጉም፤ እንዲጨምር ነው የሚፈልጉት። ረጅሙ ሰንሰለት ለቅባት፣ ለጄት ነዳጅ፣ የፕላስቲክ ከረጢቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ለሚያደርግ ንጥረ ነገር ይሆናል። ዛሬ ጎመን ዘር በኡራጓይና በአርጀንቲና ለዚሁ ይዘራል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ፣ በፍሎሪዳ፣ በጆርጂያና በአላባማ፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ከ2017 ጀምሮ ትልቅ የምርምር ጥምረት ሠርቶበታል። እዚያ የሚዘራው በክረምታቸው ነው፤ ኦቾሎኒና ጥጥ ተነስቶ ማሳው ባዶ በሚሆንበት። ምግብ የሚበቅልበትን መሬት አይሻማም፣ አፈሩንም ከመሸርሸር ይጠብቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አልነቅፈውም።

የሚያስቸግራቸው ውርጭ ነው። የጎመን ዘር ቤት የኛ ደጋ ነው፤ የኛ ደጋ ደግሞ ቀን ሞቆ ሌሊት ይበርዳል እንጂ ሳምንት ሙሉ በረዶ አይቀመጥም። ብርድ የሚቋቋሙ መስመሮችን ሲፈልጉ የሚሄዱት በየዘር ባንኩ ወዳለው የኢትዮጵያ ናሙና ነው። የካኖላ ባለሙያዎችም እዚያው ይመጣሉ። ብላክሌግ የሚባለው ግንድ የሚያበሰብስ የፈንገስ በሽታ አውስትራሊያና ካናዳ ውስጥ ካኖላን ያጠቃል። ጎመን ዘር ግን ከሰናፍጭ ወላጁ የወረሰው ጠንካራ መከላከያ አለው። ደረቅና ሞቃት አየርንም ከካኖላ ይበልጥ ይችላል፤ ተክሉ ላይ ፍሬውን የያዘው ቅርፊትም ሲደርቅ ቶሎ ፈንድቶ ፍሬውን አይበትንም። የ17ቱ ክሮሞሶሞች ሙሉ የዘረመል ንባብ በ2021 እና በ2022 በቻይናና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ታትሟል። የአሜሪካኖቹ ያነበቡት ተክል ስም ራሱ "ጎመንዘር" ነው። እነዚህን ባሕርያት የሚይዙ ጂኖች አድራሻ ከአሁን በኋላ በፍጥነት ይወጣል።

ሕጉ የሚለየው ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጤፍን ያነሳል። ልክ ነው። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ኢትዮጵያ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መብቱ በሄግ ፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2018 ነው። ጎመን ዘር ላይ ግን ነገሩ በሕግ ይለያል፤ ይህን ልዩነት ማንም ሲያነሳው ስላልሰማሁ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ለምግብና ለግብርና የሚሆኑ የዕፅዋት ዘረመል ሀብቶችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ2001 ጸደቀ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ አባል ናት። ስምምነቱ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ሰብሎች ዘርዝሯል። ጤፍ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኑግም የለም። የጎመን ቤተሰብ ግን አለ፣ ጎመን ዘርን ጨምሮ። ስለዚህ የአንድ አባል አገር ተመራማሪ ለምርምርና ለማዳቀል የጎመን ዘር ናሙና ሲጠይቅ በቀላል መደበኛ ውል ያገኛል።

ግን አንድ ገደብ አለ። ያ ቀላል መንገድ የተከፈተው ለምግብና ለግብርና ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 12 ላይ ለኬሚካል፣ ለመድኃኒት ወይም ምግብና መኖ ላልሆነ ሌላ የኢንዱስትሪ ጥቅም እንደማይሆን በግልጽ ይለያል። የጄት ነዳጅ ምግብ አይደለም። ለነዳጅ ተብሎ አዲስ ናሙና የሚፈልግ ወገን የሚሄደው በሌላ በር ነው፦ በናጎያ ፕሮቶኮልና የ2006ቱ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482 በሚያዘው መሠረት፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጥቅሙን ለመጋራት ተስማምቶ። የማኅበረሰቡ እውቀትም በዚያ አዋጅ መብት አለው።

አንድም ድርጅት ሰረቀ እያልኩ አይደለም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በ1993 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ብዙ ናሙና ከአገር ወጥቷል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ በሺዎች የሚቆጠር የሰብል ናሙና ሰብስቦ ሄዷል። የካናዳው ሳስካቱን፣ የጀርመን የዘር ባንክ ያለበት ጋተርስሌበን፣ አሜሪካ፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ይዘዋል። ያንን መመለስ አይቻልም። የሚቻለው ወደፊት የሚሄደውን መለየት ነው። የኛ የዘር ባንክ ናሙናውን "ጎመን ዘር" ብሎ ብቻ ከሰጠ፣ ለምግብ ተብሎ የወጣው ነገ ነዳጅ ሲሆን የምንከራከርበት ወረቀት አይኖርም። ሦስቱን ሥራዎች መለየት ለማዳቀል ብቻ ሳይሆን ለመደራደርም ያስፈልጋል።

ከየት ይጀመር?

የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በጠቅላላው ከ80 ሺህ በላይ የሰብል ናሙና ይዟል። መነሻው በ1976 በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመው የዘር ማዕከል ነው። በረሃቡ ዘመን ዶ/ር መላኩ ወረደ ማዕከሉን እየመሩ፣ ገበሬው ለምግብ ሊጨርሰው የነበረውን የአገር ዘር ከየቤቱ አስቀርተዋል። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ነው። ያ ሥራ በአብዛኛው እህል ላይ ያተኮረ ነበር፤ በዚያ ዘመን ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

አሁን ግን ከ2020 ወዲህ በሰሜን ያለፈው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል። የተፈናቀለ ሰው ጤፍና ስንዴ ሲመለስ ከመንግሥት ወይም ከእርዳታ ድርጅት ሊያገኝ ይችላል። በቅል ተቋጥሮ የነበረውን የጎመን ዘር ግን ማንም አያድለውም። ሰፊ ማሳ ላይ ስለማይዘራ በስታቲስቲክስም ጎልቶ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ የስብሰባ ዘመቻ ነው፤ ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚሄድ።

የሚጠየቀው ሰው ላይም መጠንቀቅ ይገባል። ሰብሳቢ ቡድን መንደር ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያናግረው አባወራውን ነው። አባወራው የስንዴውን ዘር ታሪክ ይነግርሃል። የጎመን ዘሩን ከየት እንዳመጣችው፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀነጠብ፣ የትኛው ለምጣድ እንደሚሻል የምታውቀው እማወራዋ ናት። ናሙናው ሲመዘገብ ከፍታው፣ ቀበሌውና የፍሬው ቀለም ብቻ መጻፍ አይበቃም። ለቅጠል ነው፣ ለምጣድ ነው ወይስ ተጨምቆ ለሚበላ ዘይት? ይህ አንድ መስመር ካለ ሆለታ ያለው አዳቃይ የዘገየ አበባ ያለውን ለቅጠሉ መርሐ ግብር ይወስደዋል። ቢጫ ፍሬውን፣ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነና ፋጉሎው ስለሚሻል፣ ለምግብ ዘይቱ ያቆየዋል። ኢሩሲኩ ከፍ ያለውን ደግሞ ውል ይዞ ለሚመጣ የኢንዱስትሪ ሰው ያስቀምጠዋል።